ነጭ መስሎ ስለ መኖር የተጻፉ ሰባት ልቦለዶች፦ የትኛው ለማን ይስማማል?

በአሜሪካ ባርነትና ከባርነቱ በኋላ ስለ መጣው የዘር መለያየት ከተጻፉት ልቦለዶች መካከል ራሱን የቻለ አንድ ወገን አለ። መልካቸው ነጭ የሚያስመስላቸው፣ ሕጉ ግን በእናታቸው ወይም በቅድመ አያታቸው ምክንያት ከጥቁር የቆጠራቸው ሰዎች ትውልዳቸውን ሸሽገው በነጮች መካከል ስለ መኖራቸው የሚተርከው ነው። እንግሊዝኛው ይህን «ፓሲንግ» ይለዋል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ «ነጭ መስሎ መኖር» እለዋለሁ።

ይህን ርእስ የያዙ መጻሕፍት ከ170 ዓመት በላይ ሲጻፉ ስለ ኖሩ አንባቢ ከየት እንደሚጀምር ይቸገራል። ልጃቸው ከትምህርት ቤት አንዱን መጽሐፍ ይዞ የመጣባቸው ወላጆች፣ ለንባብ ክበባቸው የወሩን መጽሐፍ የሚመርጡ ሰዎች፣ የገዛ ቤተሰባቸውን የተሸሸገ ታሪክ ለመጻፍ አርአያ የሚፈልጉ ጀማሪ ደራስያን፣ ሁሉም የሚያስፈልጋቸው መጽሐፍ አንድ አይደለም። ከዚህ በታች ሰባቱን አወዳድራለሁ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለመምረጥ እንዲያመች ስልም የአንዳንዶቹን መጨረሻ መግለጽ ግድ ሆኖብኛል።

ርእሱ ለእኛ አገር አንባቢ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በአገራችን ባርነት በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከተሻረ ገና መቶ ዓመት አልሞላውም፤ ለጋብቻ አጥንት ሲቆጠር፣ አያት ከማን ቤት እንዳደገች ሲጠየቅ፣ ወሬው በድንገት የሚቀየርባቸው ቤቶች ዛሬም አሉ። ይሁን እንጂ ሁለቱን ታሪኮች አንድ አድርጎ ማንበብ ስሕተት ላይ ይጥላል። በአሜሪካ የሚሸሸገው ቀለም ያልገለጠው፣ መዝገብ ግን የያዘው ደም ነው፤ በእኛ ዘንድ የሚሸሸገው የሰፈር ሽማግሌ የሚያውቀው የትውልድ ሐረግ ነው። አሜሪካዊው ባቡር ተሳፍሮ ማንም በማያውቀው ከተማ ሌላ ሰው ሊሆን ይችል ነበር። ልቦለዶቹም የሚነሡት ከዚያ ባቡር ጉዞ ነው።

አስቀድሞ መስፈርቶቹ

የመጀመሪያው መስፈርት ባርነቱ ራሱ በታሪኩ ውስጥ አለ ወይስ ጥላው ብቻ ነው የሚለው ነው። ቨርጂኒያ በ1662 ባወጣችው ሕግ መሠረት ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል፤ እናቲቱ ባሪያ ከሆነች፣ አባትየው ጌታው ራሱ ቢሆን እንኳ፣ የሚወለደው ልጅ ባሪያ ነው። ይህ ሕግ በደቡቡ ሁሉ ሲሠራበት ከትውልድ ትውልድ እየነጣ የሚሄድ፣ ነገር ግን በጨረታ የሚሸጥ ሕዝብ ተፈጠረ። በ1860 በተደረገው ቆጠራ በአሜሪካ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። በ1865 ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲሻር መለያየቱ በሌላ ሕግ ቀጠለ፤ በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለጥቁሮች የተለየ የባቡር ፉርጎ መመደብ ይፈቀዳል ብሎ የፈረደበት ሆመር ፕሌሲ ከስምንት እጅ ሰባቱ ነጭ የነበረ ሰው ነው። እንግዲህ ከ1865 በፊት የሚሸሽ ሰው ከሰንሰለት ይሸሻል፤ ከዚያ በኋላ የሚሸሽ ከንቀት፣ ከድህነትና ነጮች በደቦ ከሚፈጽሙት ግድያ ይሸሻል። አንባቢ በገፀ ባሕርዩ ላይ ከመፍረዱ በፊት የትኛውን ሽሽት እያነበበ እንደ ሆነ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው መስፈርት ከኋላ የቀረው ሰው ነው። ነጭ መስሎ የሚኖር ሰው ስሙንና አገሩን ብቻ አይተውም፤ እናቱን፣ ወንድሙን፣ የመቃብር ቦታውን ይተዋል። ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን በባርነት ይዟት ከነበረችው ከሳሊ ሄሚንግስ ከተወለዱት ልጆች ለዐቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት አራት ሲሆኑ ሦስቱ በነጭነት ኖረዋል። በጥቁርነቱ የጸናው ማዲሰን በ1873 ለአንድ የኦሃዮ ጋዜጣ የሕይወቱን ታሪክ ሲናገር፣ እህቱ ሃሪየት ነጭ አግብታ በዋሺንግተን እንደ ኖረች፣ እርሱም ወሬዋን ከሰማ ዐሥር ዓመት እንዳለፈው ገልጿል። ወንድም እህቱ መሞት መኖሯን ሳያውቅ ዐሥር ዓመት ይቀመጣል፤ እርሷን ፈልጎ መጻፍ እንኳ ምስጢሯን ማውጣት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጻፍ ልቦለድ የሸሸውን ሰው ፍርሃት ብቻ ተርኮ የማዲሰንን ዐሥር ዓመት ከረሳ ግማሹን ታሪክ ትቶታል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው መስፈርት ልቦለዱ ለእውነተኛው ታሪክ ያለው ቅርበት ነው። አራተኛው የእንግሊዝኛው ክብደትና መጽሐፉ የሚገኝበት ዋጋ ነው። አምስተኛው ለወጣት አንባቢ መስማማቱ ነው፤ በእነዚህ መጻሕፍት ሁሉ ማለት ይቻላል የዘር ስድብ በግልጽ ይነገራል፣ በአንዳንዶቹም አስገድዶ መድፈርና በሰው ላይ የሚፈጸም ጭካኔ አለ።

ባርነትን ራሱን የሚያሳዩት

«ክሎቴል» በዊልያም ዌልስ ብራውን ተጽፎ በ1853 ለንደን ላይ ታተመ። ደራሲው በ1834 ከባርነት ያመለጠ ሰው ሲሆን፣ መጽሐፉ አፍሪካ አሜሪካዊ ካሳተማቸው ልቦለዶች የመጀመሪያው ተብሎ ይቆጠራል። ታሪኩ የሚነሣው ከጄፈርሰን ወለደቻቸው ከሚባሉ ሁለት ሴት ልጆቿ ጋር በሪችመንድ ለጨረታ በቀረበች ከረር በተባለች እናት ነው። በጨረታው ላይ የ16 ዓመቷ ክሎቴል በ1,500 ዶላር ስትሸጥ ደራሲው ዋጋዋን ይተነትነዋል፤ ለሥጋዋና ለአጥንቷ 500፣ ለጠባይዋ 200፣ ለትምህርቷ 100፣ ለክርስቲያንነቷ 300፣ ለድንግልናዋ 400። ይህችን አንዲት ገጽ ያነበበ ሰው ስለ ባርነት ብዙ ንግግር የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ክሎቴል ኋላ የነጭ ወንድ ልብስ ለብሳ ታመልጣለች፤ ይህም በታኅሣሥ 1848 ከሜከን ጆርጂያ ተነሥታ፣ መጻፍ አለመቻሏ እንዳይታወቅባት ክንዷን በጨርቅ አንግታ፣ ባሏን አሽከሯ አስመስላ እስከ ፊላደልፊያ ከተጓዘችው ከኤለን ክራፍት እውነተኛ ታሪክ የተቀዳ ነው። ነፃ ከወጣች በኋላ ግን ልጇን ፍለጋ ወደ ቨርጂኒያ ትመለሳለች፤ በዚያም ትያዛለች፤ በመጨረሻም አሳዳጆቿ በዋሺንግተን ድልድይ ላይ ሲከቧት ራሷን ወደ ፖቶማክ ወንዝ ትወረውራለች። በ1864 አሜሪካ ውስጥ በወጣው እትም ፕሬዚዳንቱ ቀርቶ በሴናተር ተተክቷል፤ ስለዚህ የምትወስዱት የ1853ቱ እትም መሆኑን አረጋግጡ። የመጽሐፉ ድክመት አወቃቀሩ ነው፤ የጋዜጣ ማስታወቂያ፣ ስብከት፣ ግጥምና የሌሎች ሰዎች ታሪክ እየገባበት ክሩ ይበጠሳል።

«አዮላ ሌሮይ» የፍራንሲስ ሃርፐር ሥራ ሲሆን በ1892 ወጣ። አዮላ ራሷን ነጭ አድርጋ እየቆጠረች አድጋ፣ ባለ እርሻው አባቷ በቢጫ ወባ ሲሞት የአባቷ ዘመድ የእናቷን ጋብቻና ነፃነት አስፍርሶ ባሪያ ያደርጋታል። በሰሜኑና በደቡቡ መካከል የተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነፃ ካወጣት በኋላ አንድ ነጭ ሐኪም ያፈቅራታል፤ አግብታው በነጭነት ልትኖር ትችል ነበር፤ እርሷ ግን እምቢ ብላ የተበተኑትን እናቷንና ወንድሟን ትፈልጋለች። ከሰባቱ ሁሉ በሩን ከውስጥ ዘግታ ከቤተሰቧ ጋር የቀረችው እርሷ ናት። በመጽሐፉ መጀመሪያ ባሮቹ ከገበያ ሲመለሱ ቅቤው ትኩስ ነው እያሉ የሰሜኑ ጦር ማሸነፉን ለወገኖቻቸው ያስታውቃሉ፤ ጌቶቻቸው ሰሙን ሲሰሙ እነርሱ ወርቁን ይቀባበላሉ። በቅኔ ያደገ አንባቢ ይህን ክፍል እንደሚወደው አልጠራጠርም። የሃርፐር ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ከመነጋገር ይልቅ ንግግር የሚያደርጉ መሆናቸው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

«ፑድንሄድ ዊልሰን» የማርክ ትዌይን የ1894 ልቦለድ ነው፤ ከ1830 ጀምሮ ባለው ጊዜ በሚዙሪ ትንሽ ከተማ ይፈጸማል። ከ16 እጅ አንድ እጇ ብቻ ጥቁር የሆነችው ሮክሲ፣ ልጇ ባርነቱ ወደሚከፋበት ወደ ደቡብ እንዳይሸጥባት ፈርታ ከጌታዋ ሕፃን ጋር በአልጋ ትለዋውጠዋለች። ልጇ ጌታ ሆኖ ያድግና ራሷን እናቱን ወደ ደቡብ ይሸጣታል። እውነተኛው ወራሽ ደግሞ በመጨረሻ ርስቱ ሲመለስለት ከነጮች ጋር መቀመጥም ሆነ እንደ እነርሱ መናገር የማይችል ሰው ሆኖ ይቀራል። ዘር የተባለው ነገር ከአስተዳደግ ምን ያህል እንደሚለይ የሚያስተምር ነው፤ ነገር ግን የሮክሲ አነጋገር እንደሚነገረው ስለ ተጻፈ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው እጅግ ከባድ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይረዳል።

የባርነቱን ጥላ የሚያሳዩት

«ዘ ሃውስ ቢሃይንድ ዘ ሲዳርስ»፣ ማለት «ከጥዶቹ ጀርባ ያለው ቤት»፣ በቻርልስ ቼስነት ተጽፎ በ1900 ወጣ። ጦርነቱ ካለቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በደቡብ ካሮላይና ጠበቃ ሆኖ በነጭነት የሚኖረው ጆን፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ በሰሜን ካሮላይና ወዳለችው እናቱ ቤት በምስጢር ይመጣና እህቱን ሪናን ከእርሱ ጋር እንድትሄድ ይጠይቃል። እናትየው ሞሊ አንድ ጊዜ ወንድ ልጇን ሰጥታለች፤ አሁን የቀረቻትን ሴት ልጅ ትጠየቃለች። እሺ ትላለች። ይህን ክፍል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ደራሲው እናቲቱን ልጇ የተሻለ እንጀራ እንድትበላ የራሷን እርጅና ብቻዋን እንደምትጨርሰው አውቃ የምትፈቅድ ሴት አድርጎ ያቀርባታል። ልጆቻችንን ወደ ሰው አገር ለሰደድን ሰዎች ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሪና ሌላ ስም ይዛ ከአንድ ነጭ ወጣት ጋር ትታጫለች፤ እናቷ እንደ ታመመች በሕልሟ አይታ ግን ወደ ቤት ትመለሳለች፤ ምስጢሩ የሚወጣውም በዚሁ ነው። ያጠፋት የእናቷ ፍቅር ነው ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ያጠፋት ፍቅርን ወንጀል ያደረገው ሕግ ነው እላለሁ። ቼስነት ራሱ ነጭ መስሎ ሊኖር ይችል የነበረና እምቢ ያለ ሰው ስለ ነበር ከጆንም ከሪናም በኩል ያለውን አመዛዝኖ ያውቀዋል። እንግሊዝኛው የቆየ ቢሆንም የጠራ ነው።

«ዚ ኦቶባዮግራፊ ኦቭ አን ኤክስ ከለርድ ማን»፣ ማለት «የቀድሞ ጥቁር ሰው የሕይወት ታሪክ»፣ የጄምስ ዌልደን ጆንሰን ነው፤ በ1912 ያለ ደራሲ ስም፣ በ1927 በስሙ ታተመ። ብዙዎች እውነተኛ የሕይወት ታሪክ መስሏቸው ነበር። ተራኪው ጥቁር መሆኑን የሚያውቀው በትምህርት ቤት ነጮች ተማሪዎች ይነሡ ሲባል አብሮ ተነሥቶ፣ አንተ ለጊዜው ተቀመጥ ሲባል ነው። አድጎ አንድ ሰው በሕይወቱ ሲቃጠል ካየ በኋላ በነጭነት ለመኖር ይወስናል፤ በመጨረሻም ብኵርናውን በምስር ወጥ እንደ ሸጠ ይሰማዋል። ኤሳውን የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ክብደት ያውቀዋል። አጭር ነው፤ የተራኪው ድምፅ ቀዝቃዛ ነው፤ በእኔ መስፈርት ግን የቀረ ሰው ማለት ይቸግራል፤ እናቱ ቀደም ብላ ስለምትሞት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው የለም።

«ፓሲንግ» በኔላ ላርሰን በ1929 ወጣ። አይሪንና ክሌር አብሮ አደጎች ናቸው፤ በቺካጎ የበጋ ሙቀት በአንድ ሆቴል ሰገነት ላይ ከዓመታት በኋላ ሲገናኙ ክሌር ጥቁሮችን የሚጠላ ነጭ ባል አግብታለች። ባሏ እውነቱን ሳያውቅ የቆዳዋን መጥቈር ምክንያት አድርጎ በዚያው በጥቁሮች ስድብ ያቆላምጣታል፤ እርሷም ትስቃለች። እነሆ ከኋላ የቀረውን በሌላ አቅጣጫ የሚያሳይ መጽሐፍ፦ የሸሸችው ናፍቆት ገድሏት ሃርለም በተባለው የኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር ወዳለው ወገኗ መመላለስ ትጀምራለች፤ የቀረችው አይሪን ግን አትፈልጋትም። በሁለት ምሽት የሚያልቅ፣ ቋንቋው ዘመናዊ፣ መጨረሻው ግን ለመከራከር የተተወ ነው፤ ክሌር ከመስኮቱ ወደቀች ወይስ ተገፋች? በ2021 በርቤካ ሆል የተሠራው ፊልም ላይ ክሌርን የተጫወተችው አዲስ አበባ የተወለደችውና አባቷ ኢትዮጵያዊ የሆነው ሩት ኔጋ ናት። የፊልሙ አዘጋጅ የእናቷ አባትም ነጭ መስለው የኖሩ ሰው ነበሩ።

«ዘ ቫኒሺንግ ሃፍ» የብሪት ቤኔት የ2020 ልቦለድ ነው። በሉዊዚያና የምትገኝ ማላርድ የተባለች ልብ ወለድ መንደር ከባርነት ነፃ በወጣ ሰው ተመሥርታ፣ ነዋሪዎቿ ጥቁር ሆነው ጥቈረትን የሚንቁባት ናት። ዴዚሬና ስቴላ የተባሉ መንትዮች በ1954 ከእናታቸው ቤት ይጠፋሉ፤ አንዷ በነጭነት ትሰወራለች፣ ሌላዋ በ1968 ጥቁር ልጇን ይዛ ትመለሳለች። መጽሐፉ ለአንዷ መንትያ የሰጠውን ቦታ ለሌላዋም ይሰጣል፤ የልጆቻቸውንም ትውልድ ይከተላል። እናትየው አዴል ስታረጅ የትኛዋ እንደ ሄደች የትኛዋ እንደ ቀረች መለየት እስኪሳናት ድረስ ከእርሷ ጋር እንቆያለን። በሁለተኛው መስፈርት ከሁሉ የበለጠው ይህ ነው። አንዱ ገፀ ባሕርይ የፆታ ማንነቱን የለወጠ በመሆኑ ይህን ከልጃቸው ጋር መነጋገር የሚፈልጉ ወላጆች አስቀድመው ያንብቡት።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| ልቦለድ | ዓመት | ባርነቱ | ከኋላ የቀረው | እንግሊዝኛው | አገኛኘት | ዕድሜ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ክሎቴል | 1853 | በቀጥታ | ልጅ | ከባድ | ነፃ | ከ16 በላይ |
| አዮላ ሌሮይ | 1892 | በቀጥታ | የለም፤ አልተለየችም | መካከለኛ | ነፃ | ከ14 በላይ |
| ፑድንሄድ ዊልሰን | 1894 | በቀጥታ | እናት | በጣም ከባድ | ነፃ | ከ15 በላይ |
| ከጥዶቹ ጀርባ ያለው ቤት | 1900 | ጥላው | እናት | መካከለኛ | ነፃ | ከ14 በላይ |
| ኤክስ ከለርድ ማን | 1912 | ጥላው | በጥቂቱ | ቀላል | ነፃ | ከ15 በላይ |
| ፓሲንግ | 1929 | ጥላው | ጓደኛ | ቀላል | ነፃ | ከ15 በላይ |
| ዘ ቫኒሺንግ ሃፍ | 2020 | ጥላው | እናትና መንትያ | ቀላል | በግዢ ወይም በውሰት | ከ17 በላይ |

ዕድሜው የእኔ ግምት ነው። «ነፃ» ያልኳቸው በአሜሪካ የደራሲ መብታቸው ያበቃ ሲሆን፣ የመጨረሻው «ፓሲንግ» ከጥር 2025 ጀምሮ ነው፤ ቀደምቶቹ አምስቱ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በተባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

እንደ ፍላጎታችሁ

ልጃቸው አሜሪካ ያደገባቸውና አብረው ማንበብ የሚሹ ወላጆች በ«አዮላ ሌሮይ» ይጀምሩ። ሌሎቹ ልጁን ማንነት ሸክም ነው ወደሚል ሐሳብ ሊወስዱት ይችላሉ፤ አዮላ ግን ምርጫ አላት፣ ምርጫዋንም ታስረዳለች። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ወላጆች ልጁ እያነበበ በአማርኛ እንዲተርክላቸው ቢያደርጉ ሁለቱም ይማራሉ።

የንባብ ክበብ «ፓሲንግ»ን ይውሰድ። አጭር በመሆኑ ሁሉም ጨርሶ ይመጣል፤ ፊልሙም በሌላ ምሽት ይታያል። ለሁለተኛው ወር «ዘ ቫኒሺንግ ሃፍ»ን ቢያስከትሉበት ዘጠና ዓመት የሚያህል ልዩነት ያላቸው ሁለት ደራስያን ስለ አንድ ቁስል እንዴት እንደ ጻፉ ይታያል።

የባርነትን ሕግና አሠራር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከ«ክሎቴል» ውጭ አይሂድ፤ ቢሰለቸው እንኳ የጨረታውን ምዕራፍና የክሎቴልን የመጨረሻ ምዕራፎች ያንብብ። ነጭ መስሎ መኖር ሳይሆን በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ጌታና ባሪያ መገኘታቸው የሚያሳስበው ሰው ደግሞ ከዚህ ዝርዝር ወጥቶ የኦክታቪያ በትለርን «ኪንድረድ» ይፈልግ፤ በ1979 የወጣው ይህ ልቦለድ የ1976ቷን ጥቁር ሴት ወደ ሜሪላንድ ባርነት ዘመን ወስዶ ባሪያ አሳዳሪ ቅድመ አያቷን ከሞት እንድታድን ያስገድዳታል። ጭካኔው ከባድ ስለ ሆነ ለወጣት አይቸኮልበት።

የቤተሰቡን ታሪክ ሊጽፍ ለተነሣ ሰው የምመክረው «ከጥዶቹ ጀርባ ያለውን ቤት» ነው፤ በተለይ ሞሊ ልጇን የምትሰጥበትን ምዕራፍ። መጽሐፉን ዘግቶ በዚያው ምሽት ከገዛ ቤተሰቡ በሩ ላይ የቀረው ሰው ማን እንደ ነበረ በአንድ ገጽ ይጻፍ። የሚያውቁ አያት በሕይወት ካሉ ግን ገጹን ከመጀመሩ በፊት ሄዶ ይጠይቃቸው፤ የማይናገሩትንም ነገር፣ ዝም ያሉበትን ቦታ ሳይቀር፣ ይመዝግብ።